ምዕራፍ 7፦ በሥዕልና በሥዕል መካከል

«ቺዝ ስዊት ሆም» አንዲት የድመት ግልገል ከአንድ ቤተሰብ ጋር የምታሳልፈውን የየዕለት ኑሮ የሚተርክ የጃፓን ኮሚክ ነው። ደራሲዋና ሠዓሊዋ ኮናሚ ካናታ ታሪኩን እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2015 ኮዳንሻ በሚያሳትመው «ሞርኒንግ» በተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ አቅርበውታል፤ ተሰብስቦ ሲታተም 12 ቅጽ ወጥቶታል። መጽሔቱ የሚታተመው ለአዋቂዎች ነው። የጃፓን ኮሚክ፣ በአገሩ ስም ማንጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቁርና በነጭ ሲታተም የዚህ መጽሐፍ ቅጾች ግን ሙሉ በሙሉ ባለ ቀለም ናቸው።

በታሪኩ ውስጥ ጦርነት የለም፤ ሌባም፣ ጀግናም የለም። ቺ የተባለችው ግራጫና ነጭ ድመት ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ወንበር ትቧጭራለች፣ የእንስሳት ሐኪም ስታይ ትሸሻለች። ከዚህ ያለፈ ትልቅ ነገር ሳይደርስ አንባቢ ቅጽ በቅጽ ይከተላታል። ይህ ምዕራፍ አንባቢውን የሚስበው ምን እንደሆነ ያብራራል። መልሱ ከተሳለው ይልቅ ሳይሳል በቀረው ክፍል ውስጥ ይገኛል።

ድመቷና ቤተሰቡ

ታሪኩ የሚጀምረው ቺ ከእናቷና ከወንድም እህቶቿ ጋር ስትሄድ በሌላ ነገር ተስባ ወደኋላ በመቅረቷ ነው። ዮሄይ የተባለ ትንሽ ልጅና እናቱ ያገኟትና ወደ ቤታቸው ይወስዷታል። ይሁን እንጂ የያማዳ ቤተሰብ የሚኖርበት የጋራ ሕንፃ ደንብ የቤት እንስሳ ማሳደርን ይከለክላል። ወላጆች መጀመሪያ ላይ የሚያሳድጋት ሌላ ሰው ይፈልጋሉ፤ ሳይሆንላቸው ሲቀር ደብቀው ያኖሯታል። በኋላም እንስሳ ወደሚፈቀድበት ሕንፃ ይዛወራሉ።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንባቢ የዚህን ታሪክ ጭንቀት ለመረዳት ጃፓንን ማየት አያስፈልገውም። ግድግዳው የጋራ ነው፤ ደረጃው የጋራ ነው፤ የአንዱ ቤት ድምፅ በሌላው ቤት ይሰማል። በሕንፃ ውስጥ ድመት የሚያኖር ቤተሰብ ከጎረቤት ጋር መግባባት ግድ ይለዋል። በአንፃሩ በመካኒሳና በላፍቶ በሚገኙት የቆዩ የግቢ ቤቶች ድመት እንደ ልቧ ወጥታ ትገባለች፤ እህል ካለበት ጓዳ አይጥ ማጥፋት ሥራዋ ነው። የቺ ታሪክ የተሠራው የመጀመሪያው ዓይነት ኑሮ ላይ ነው፤ ሠዓሊዋም ትንሽ ቤትንና ትንሽ እንስሳን ይዘው ለዓመታት ሊተርኩ ችለዋል።

ክፍተት ምን ይሠራል?

በምዕራፍ 2 መስመር እንዴት ቅርጽ እንደሚሆን፣ በምዕራፍ 5 ደግሞ ጠፍጣፋ ወረቀት እንዴት ጥልቀት ያለው መስሎ እንደሚታይ ተብራርቷል። ሁለቱም ስለ አንድ ሥዕል ነበሩ። ኮሚክ ግን ብዙ ሥዕሎችን ጎን ለጎን ይደረድራል። እያንዳንዱ ሥዕል በአራት ማዕዘን ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ በሳጥንና በሳጥን መካከልም ነጭ ቦታ ይቀራል። በዚህ ምዕራፍ «ክፍተት» የሚባለው ያ ነጭ ቦታና በእሱ ውስጥ ሳይሳል የታለፈው ጊዜ ነው።

አሠራሩን በሚታወቅ ነገር ማየት ይቻላል። ከጀሞ ሕንፃዎች በአንዱ ግቢ የቆመ ሰው ደረጃ የምትወጣ ድመት ያያል እንበል። በእሱና በድመቷ መካከል የደረጃው መከላከያ ብረት አለ። ብረቶቹ በመሸፈናቸው ሰውየው ሙሉ ድመት አንድም ጊዜ አያይም። መጀመሪያ ጆሮዋን፣ ቀጥሎ ጀርባዋን፣ መጨረሻ ላይ ጅራቷን ያያል። ሆኖም «የድመት ቁራጮች አየሁ» አይልም፤ «ድመት ወደ ላይ ወጣች» ይላል። ብረቱ የሸፈነውን አእምሮው ሞልቶታል። ይህን ያደረገውም አስቦበት አይደለም፤ ሙላቱ ከማየቱ ጋር አብሮ የመጣ ነው።

የኮሚክ ነጭ ክፍተት የዚያ ብረት ምትክ ነው። በአንደኛው ሳጥን ውስጥ ድመት ኩባያ ወዳለበት መደርደሪያ ቀና ብላ ታያለች፤ በሁለተኛው መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ኩባያው መሬት ላይ ተሰብሯል፤ ድመቷ ሶፋው ሥር ናት። ዝላዩን ማንም አልሳለውም። ኩባያው ሲወድቅም አልታየም። አንባቢው ግን ዝላዩን አይቷል፤ ስብራቱን ሰምቷል፤ ድንጋጤውንም ያውቃል። ያየው ዝላይ የራሱ ነው፤ ድመት በቤቱ ያለው ሰው የራሱን ድመት ዝላይ፣ የሌለው ደግሞ በጎረቤት ያየውን ያስገባበታል። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፦ በሥዕል የሚነገር ታሪክ ግማሹን ሠዓሊው ይሠራዋል፤ ግማሹን አንባቢው።

በ44 ሥዕል የተነገረ ታሪክ

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የሥዕልና የቅርሳ ቅርስ መሸጫዎች ለብዙ ዓመታት ሲሸጥ የኖረው የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ሥዕል በሳጥኖች ተከፋፍሎ የሚነበብ ሥራ ነው። የተለመደው አቀራረብ 44 ሥዕሎችን በ4 ረድፍ፣ በየረድፉ 11 አድርጎ ይደረድራል፤ ከየሥዕሉ ጋርም ብዙ ጊዜ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ይኖራል። ንባቡ እንደ ፊደሉ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። የጃፓን ማንጋ በአንፃሩ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል።

የሥዕሉ ታሪክ በክብረ ነገሥት ላይ ተጽፎ የሚገኘው ነው። ንጉሡ ንግሥቲቱን በግድ ላይነካት ይምላል፤ እሷም በበኩሏ ከቤቱ ያለፈቃዱ ምንም ላትወስድ ትምላለች። ከዚያ በፊት የቀረበላት ግብር ግን ጥም የሚያስይዝ፣ ቅመም የበዛበት ነበር። ሌሊት ተነሥታ ውሃ ስትቀዳ ንጉሡ እጇን ይይዛል፤ መሐላውም በውሃው ይፈርሳል።

በሥዕሉ ላይ ግብሩ በአንድ ሳጥን ይታያል፤ ውሃው በሌላ። ጥሙ ግን የትም አልተሳለም። የጉሮሮ መድረቅ፣ የመኝታ እረፍት ማጣት፣ «ውሃ ብጠጣ ምን አለበት» የሚለው ሐሳብ ሁሉ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ባለው መስመር ላይ ነው ያለው። ተመልካቹ ራሱ ይጠማል፤ ስለዚህም በንግሥቲቱ አይፈርድም። ሠዓሊው ጥሙን በሦስተኛ ሳጥን ቢስለው ኖሮ ተመልካቹ ስለ ጥሙ ያውቅ ነበር እንጂ አይሰማውም ነበር።

በምዕራፍ 4 የታየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በተአምረ ማርያም መጻሕፍት ላይ የሚገኘው የበላኤ ሰብ ታሪክ ጥቂት ትዕይንቶችን ብቻ ያሳያል፤ ለተጠማው ድኩም የተሰጠችው እፍኝ ውሃ አንድ ቦታ ላይ፣ ነፍሱ የምትመዘንበት ሚዛን ሌላ ቦታ ላይ ይሳላሉ። በመካከል ያለውን ሙሉ ዕድሜ የሚሞላው ምእመኑ ነው። የጃፓኗ ሠዓሊና የኢትዮጵያ ሠዓልያን አንዱ ከሌላው አልተማሩም፤ የሰው አእምሮ ግን አንድ ዓይነት በመሆኑ አንድ ዓይነት ዘዴ ላይ ደረሱ።

ክፍተት ሁሉ እኩል አይደለም

አሜሪካዊው ሠዓሊ ስኮት ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 የኮሚክን አሠራር ራሱ በኮሚክ መልክ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ በሁለት ሳጥኖች መካከል የሚኖረውን ሽግግር በ6 ዓይነት ከፈለው። ለዚህ ምዕራፍ አራቱ ይበቃሉ።

የመጀመሪያው ከቅጽበት ወደ ቅጽበት የሚሄድ ነው፤ ድመት ዐይኗን ገልጣለች፣ በቀጣዩ ሳጥን ከድናለች። አንባቢው የሚሞላው እጅግ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ከድርጊት ወደ ድርጊት ይዘልላል፤ ድመቷ ተንደረደረች፣ ቀጥሎ መጋረጃው ላይ ተንጠለጠለች። ሦስተኛው ከትዕይንት ወደ ትዕይንት ነው፤ በአንድ ሳጥን ሌሊት ነው፣ በሚቀጥለው ነግቷል፤ ወይም ቤተሰቡ ቤት ነበር፣ አሁን ሐኪም ዘንድ ነው። እዚህ ላይ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ወራት በአንድ ነጭ መስመር ይታለፋሉ።

አራተኛው ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። በዚህኛው ጊዜ አይሄድም፤ ዐይን ብቻ በአንድ ቦታ ላይ ይዞራል። መስኮት፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ያረፈ ፀሐይ፣ ከዚያ የድመት መዳፍ፣ ከዚያ የተንጠለጠለ ልብስ። ምንም አልተደረገም፤ አንባቢው ግን አራቱን አገጣጥሞ ጸጥ ያለ ከሰዓት በኋላ ይሠራል። ማክላውድ ብዙ ሥራዎችን ሲያነጻጽር ይህ ዓይነቱ ሽግግር በአሜሪካ ኮሚክ እምብዛም እንደማይታይና በጃፓን ማንጋ ግን ጉልህ ቦታ እንዳለው አስተውሏል።

ይህ ለድመት ታሪክ ዋና መሣሪያ ነው። ድመት ከቀኑ የሚበዛውን ሰዓት ተኝታ ነው የምታሳልፈው። ድርጊትን ብቻ የሚከተል ትረካ ከእሷ ጋር ብዙ መንገድ አይሄድም። ዐይንን በቤት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያዞር ትረካ ግን ከእሷ ጋር አብሮ ይኖራል።

ክፍተቱ ሲጠብ አኒሜሽን ይሆናል

እ.ኤ.አ. በ2008 ማድሃውስ የተባለው የጃፓን ስቱዲዮ «ቺዝ ስዊት ሆም»ን ወደ አኒሜሽን ለወጠው። ሥራው በቲቪ ቶኪዮ የተላለፈ ሲሆን 104 ክፍሎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ክፍል 3 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይወስዳል። በ2009 ሌሎች 104 ክፍሎች ተከተሉ። በ2016 ደግሞ በኮምፒውተር የተሠራ አዲስ ተከታታይ ቀረበ።

አኒሜሽን ከኮሚክ የተለየ ነገር ቢመስልም መሠረቱ ያው ክፍተት ነው፤ ልዩነቱ መጥበቡ ነው። በኮሚክ ገጽ ላይ ክፍተቱ ሰዓት ወይም ወር ሊሆን ይችላል። በአኒሜሽን ግን የሰከንድ ሽርፍራፊ ነው። ማክስ ቨርትሃይመር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው ጥናት ሁለት መስመሮችን በተለያየ ቦታ በየተራ እያበራ አሳየ። በመካከላቸው ያለው ጊዜ እጅግ አጭር፣ ማለትም ከሰከንድ አንድ ሺህኛ 30 ያህል ሲሆን ተመልካቾች ሁለቱንም አብረው የበሩ አድርገው ያያሉ። ወደ 200 ሲረዝም አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ እንደበራ ያያሉ። 60 አካባቢ ሲሆን ግን አንድ መስመር ከቦታ ወደ ቦታ ሲንቀሳቀስ ያያሉ። እንቅስቃሴው ከመብራቶቹ በአንዳቸውም ላይ አልነበረም፤ የተሠራው በተመልካቹ አእምሮ ውስጥ ነው።

ፊልም በ1 ሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። በዚህ ስሌት የ3 ደቂቃ ሥራ 4,320 ምስል ይጠይቃል። ይህን ሁሉ በእጅ መሳል ለሳምንታዊ ቴሌቪዥን አይቻልም። ስለዚህ የጃፓን ሠዓልያን አንዱን ሥዕል ለ3 ምስል ያህል ማቆየትን ለመዱ፤ በሰከንድ 8 ሥዕል፣ በ3 ደቂቃ 1,440 ይሆናል። ፊቱ ሳይንቀሳቀስ አፍ ብቻ ሲንቀሳቀስ ወይም ሥዕሉ ቆሞ ካሜራው ሲያልፍበት ቁጥሩ ከዚህም ይቀንሳል። ይህን የቁጠባ አሠራር በቴሌቪዥን ያስፋፋው ኦሳሙ ቴዙካ ነው፤ በአሜሪካ «አስትሮ ቦይ» ተብሎ የታወቀው የሮቦት ልጅ ተከታታዩ በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ጥር 1 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. ነበር።

ቁጠባው የመጣው ከገንዘብና ከጊዜ እጥረት ነው። ውጤቱ ግን ለድመት ታሪክ ተስማማ። ድመት ራሷ ለረጅም ጊዜ ፀጥ ብላ ትቆይና በድንገት ትወረወራለች። ሥዕሉ ሲቆም ድመቷ የምታደባ ይመስላል፤ ሲንቀሳቀስ ተመልካቹ ሲጠብቀው የነበረው ደረሰ ማለት ነው። ተመልካቹ በቆመው ሥዕል ላይ የራሱን ጉጉት ይጨምርበታል።

በጥቂት መስመር የተሠራ ፊት

ክፍተት በሳጥኖች መካከል ብቻ አይገኝም፤ በአንድ ፊት ውስጥም አለ። የቺ ፊት ሁለት ትልልቅ ክብ ዐይኖች፣ ትንሽ አፍንጫና አፍ፣ ጥቂት የግንባር ሰረዞች ናቸው። የእውነተኛ ድመት ፀጉር፣ የመንጋጋ አጥንት፣ የጥላው ድርድር ሁሉ ቀርቷል። በዝርዝር የተሳለ ድመት የአንድ የተወሰነ ድመት ምስል ይሆናል። በጥቂት መስመር የተሳለ ግን ለብዙ ድመቶች ቦታ ይተዋል፤ አንባቢውም የሚያውቃትን ያስቀምጥበታል።

የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ይህን ያውቃል። ትልልቅ ዐይኖች፣ ጥርት ያለ የፊት ዙሪያ መስመር፣ ጥላ የሌለው ቆዳ የዚሁ ምርጫ ውጤቶች ናቸው። ቅዱሳን ፊታቸውን ሙሉ ወደ ተመልካቹ አዙረው፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን ፊት ይሳላሉ። የጎን ፊት ከተመልካቹ ጋር ዐይን ለዐይን አይገጥምም፤ ሙሉው ፊት ግን ይገጥማል። ምእመኑ የቅዱሱን ሐዘን ወይም ምሕረት በዐይኑ ውስጥ ያነበዋል፤ ያነበበውን አብዛኛውን ያመጣው ከራሱ ልብ ነው።

በሰውና በድመት መካከል

ታሪኩን ልብ የሚነካ የሚያደርገው ግን በሰውና በድመት መካከል ያለው ክፍተት ነው። ቺ ትናገራለች፤ ንግግሯም አፏን ገና እንደፈታች ሕፃን ዓይነት ሆኖ በጽሑፍ ይቀመጣል። ዮሄይና ወላጆቹ ግን የሚሰሙት «ሚያው» ብቻ ነው። እሷም የእነሱን ንግግር በራሷ መንገድ ነው የምትረዳው። ሁለቱንም የሚሰማው አንባቢው ብቻ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ቺ ወደ እናቷ መመለስ ትፈልጋለች። ቤተሰቡ ግን ስትጮህ የራባት ወይም መጫወት የፈለገች ይመስላቸዋል። ማንም አልከፋባትም፤ ሁሉም ይወዷታል፤ ሆኖም ሐዘኗን አንድም ሰው አያውቅላትም። ቀስ በቀስ የእናቷ ትዝታ እየደበዘዘ አዲሱ ቤት ቤቷ ይሆናል። አንባቢው በሁለቱ መካከል ቆሞ ሊያስታርቃቸው ይፈልጋል፤ አይችልም። እንዲህ ዓይነት ፍቅር ከመግባባት ጉድለት ጋር አብሮ ሲኖር ማየት እንስሳ ላሳደገ ሰው ሁሉ የሚታወቅ ነው።

የእንስሳት ሳይንስም ይህን ታሪክ ያጠናክረዋል። አዋቂ ድመቶች እርስ በርሳቸው ሚያው መባባል እምብዛም አይታይባቸውም፤ ግልገል እናቷን ለመጥራት፣ አዋቂዋ ደግሞ በዋናነት ሰውን ለመጥራት ትጮኻለች። ድምፁ ለሰው የተያዘ ነው ማለት ይቻላል። የቤት ድመት የመጣችው ዛሬም በኢትዮጵያ ጭምር ከሚገኘው የአፍሪካ የዱር ድመት ዝርያ ነው። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው ጋር የተቀበረ ድመት የ9,500 ዓመት ዕድሜ ባለው መቃብር ተገኝቷል። ድመት ወደ ሰው የቀረበችው ጎተራ አይጥ በመሳቡ ነው፤ እንደ ውሻ ለትእዛዝ አልተለማመደችም። ስለዚህ ከሰው ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት ብትኖርም ሐሳቧ ለሰው ሙሉ በሙሉ አልተገለጠም። ሠዓሊዋ የተጠቀሙት ይህን እውነተኛ ርቀት ነው።

ለኢትዮጵያ ሠዓልያን

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ኮሚክና አኒሜሽን ተጀምሯል። በብሥራት ደበበ የተፈጠረው «ጀምበር» የተባለው የጀግና ኮሚክ በ2018 እ.ኤ.አ. በኤታን ኮሚክስ አማካይነት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቀረበ። በብሩክታዊት ጥጋቡ የሚመራው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ደግሞ በአሻንጉሊት ቀጭኔ የምትታወቀውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ለቴሌቪዥን ካበቃ በኋላ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን አኒሜሽን ሠርቷል። እነዚህ ሥራዎች ልዩ ኃይል ያላቸውን ጀግኖችና ትምህርትን ይዘው ተነሥተዋል። ገና ብዙ ያልተነካው ተራው የቤት ኑሮ ነው፦ ጓዳው፣ ደረጃው፣ የቡና ሰዓቱ፣ ከረከቦቱ ሥር የምትተኛው ድመት።

ይህን ለመሥራት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ባለ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ለተማሪዎቹ አንድ ወረቀት በአራት ሳጥን ከፍለው በቤታቸው ወይም በሰፈራቸው ያለች ድመት አንድ ነገር ስታደርግ እንዲስሉ ሊያዝዝ ይችላል። ከዚያ አንዱን ሳጥን እንዲያጠፉ ያዝዝ፤ ታሪኩ ያለ እሱም የሚነበብ ከሆነ ሳጥኑ መጀመሪያውኑ አላስፈለገም ማለት ነው። ታሪኩ ከተበላሸ ደግሞ ያ ሳጥን የግድ ነበር። ልጁ በዚህ አንድ ልምምድ ሠዓሊ ዕድሜውን ሁሉ የሚታገልበትን ጥያቄ ይማራል፦ ምን ይሳል፣ ምንስ ለአንባቢ ይተው።

የ44ቱ ሥዕል ባለሙያዎች ይህን ጥያቄ መልሰውታል፤ ካናታም በአንዲት ድመት መልሰውታል። ሥዕል ለመማር የሚነሣ ወጣት ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጎ ቢያጠና ይጠቀማል፤ ወላጆችና መምህራንም ኮሚክ የሚያነብን ልጅ ጊዜውን እንደሚያባክን አድርገው አይዩት። ያ ልጅ በእያንዳንዱ ነጭ መስመር ላይ የታሪኩን ግማሽ እየሠራ ነው።